ሩት፦ የርካሽ ስልክ አዛዥ ማን ነው?

አንድሮይድ ስልክ ረክሶ በየኪሱ መግባት በጀመረባቸው ዓመታት፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ አዲስ ስልኩን ሲከፍት በአማርኛ የተጻፈለት መልእክት የባዶ ሳጥን ሰልፍ ሆኖ ይታየው ነበር። ስልኩ ውስጥ የግዕዝ ፊደል አልነበረም። ፊደሉን የያዘው ፋይል ትንሽ ነው፤ በነፃም ይገኛል። አስቸጋሪው የሚገባበት ቦታ ነበር። ፎንቶች የሚቀመጡት ከሥርዓተ ክወናው ጋር በአንድ ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ደግሞ ለባለስልኩ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ስለዚህ በገዛ ገንዘቡ የገዛው ስልክ ቋንቋውን እንዲያሳየው የፈለገ ሰው፣ አስቀድሞ በስልኩ ላይ አንድ ሥልጣን ማግኘት ነበረበት። የሞባይል ጠጋኞች "ሩት ማድረግ" የሚሉት ይህን ነው።

ዛሬ የግዕዝ ፊደል ከስልኩ ጋር አብሮ ይመጣል። የሥልጣኑ ጥያቄ ግን አልተዘጋም። በርካሽ ስልክ ላይ እንዲያውም ከሌላው ይልቅ ይብሳል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ያልያዘውን ሥልጣን ሌላ ሰው በቀላሉ የሚይዘው እዚያ ላይ ነው።

ቁጥር 0

አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ላይ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር የተከተለው ደግሞ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 በቤል ላብስ የጀመሩትን የዩኒክስን አሠራር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዩኒክስ አንድን ኮምፒውተር ብዙ ሰው በሚጋራበት ዘመን የተሠራ ነውና ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ መለያ ቁጥር ይሰጣል። ሁሉም በቁጥሩ የራሱን ፋይል ይከፍታል፤ የሌላውን አይነካም። ቁጥሩ 0 የሆነው ተጠቃሚ ግን ይህ ወሰን የለበትም። የማንንም ፋይል ያነባል፣ ይለውጣል፣ ይሰርዛል፤ የማንንም ሥራ ያቋርጣል። ሩት የሚባለው እሱ ነው።

አንድሮይድ ይህን የቆየ ሥርዓት ወስዶ ለሌላ ዓላማ አዋለው። ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ስለሆነ፣ መለያ ቁጥሩ ከሰዎች ወደ አፖች ተዛወረ። የምንጭናቸው አፖች ከ10000 ጀምሮ የየራሳቸው ቁጥር ይሰጣቸዋል። በኮንዶሚኒየም እንዳሉ ነዋሪዎች እያንዳንዱ የራሱን በር ብቻ ይከፍታል፤ የፎቶ አፑ የባንክ አፑን ማህደር ማየት አይችልም። ባለስልኩም ትእዛዙን የሚያስተላልፈው በእነዚህ አፖች በኩል በመሆኑ፣ አቅሙ ከእነሱ አቅም አያልፍም።

ሩት የሌለበት አንድሮይድ ግን የለም። ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም የሚሠራው በዚሁ በቁጥር 0 ሥልጣን ነው። ሩት ማድረግ ማለት እንግዲህ በስልኩ ውስጥ ያለውን ሥልጣን ለባለቤቱ መድረሻ መንገድ ማበጀት ነው እንጂ አዲስ ነገር መፍጠር አይደለም። መንገዱን የምታበጀው "ሱ" የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ናት። አንድ አፕ ከፍ ያለ ሥልጣን ሲፈልግ ይጠይቃታል፤ እሷም በስክሪኑ ላይ ባለስልኩን አስፈቅዳ ትሰጠዋለች።

በስህተት የተከፈተው የመጀመሪያ በር

በገበያ ላይ የዋለው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ኤችቲሲ የሠራው ቲ-ሞባይል ጂ1 ነው፤ በኦክቶበር 2008 መሸጥ ጀመረ። በቀጣዩ ወር አንድ ለማመን የሚያስቸግር ስህተት ተገኘበት። ተጠቃሚው በቁልፍ ሰሌዳው የሚጽፈው ሁሉ፣ ለወዳጅ የሚልከው መልእክት እንኳ ሳይቀር፣ ከበስተጀርባ በሩት ሥልጣን ወደሚሠራ ትእዛዝ ተቀባይ ይደርስ ነበር። "ሪቡት" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎ ወደ አዲስ መስመር የተሻገረ ሰው፣ ስልኩ ጠፍቶ እንደገና ይነሳበታል። ጉግል ክፍተቱን ፈጥኖ በአፕዴት ደፈነው። የስልካቸውን ሙሉ ሥልጣን የፈለጉ ባለሙያዎች ግን ከዚያ በፊት ገብተውበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሁለት ሆኗል። አንደኛው እንደ ጂ1 ያለ የሶፍትዌር ክፍተት ፈልጎ መግባት ነው። በ2014 ጆርጅ ሆትዝ ያወጣው ታወልሩት የሥርዓተ ክወናው እምብርት በሆነው በሊኑክስ ከርነል ውስጥ በተገኘ ክፍተት ተጠቅሞ ብዙ ስልኮችን በአንድ ንክኪ ሩት ያደርግ ነበር። በ2016 ይፋ የሆነው "ደርቲ ካው" የተባለው ክፍተት ደግሞ ከርነሉ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ተቀምጦ የኖረ ነበር። ጉግልም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከአንድሮይድ 5 ጀምሮ ኤስኢ-ሊኑክስ የተባለው ተቆጣጣሪ በስልኩ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ፤ ለሩት እንኳ የተፈቀደና የተከለከለ ለየ። በአንድሮይድ 7 ደግሞ ስልኩ በተነሳ ቁጥር የሥርዓተ ክወናው ክፍል ከፋብሪካ እንደወጣ መሆኑ በጥብቅ ይመረመር ጀመር።

ሁለተኛው መንገድ በአምራቹ ፈቃድ የሚከፈተው ነው። ስልኩ ሲበራ ሥርዓተ ክወናውን የሚያስነሳው ቡትሎደር የተባለው ክፍል በተለመደው ሁኔታ ተቆልፎ ይመጣል፤ የአምራቹ ፊርማ የሌለበትን ነገር አያስነሳም። ፈቃዱን የሚሰጡ አምራቾች ባለቤቱ በቅንብሮች ውስጥ ወዳሉት የገንቢ አማራጮች ገብቶ፣ ከዚያም ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ቁልፉን እንዲከፍት ያደርጉታል። ቁልፉ ሲከፈት በስልኩ ያለው ፎቶ፣ መልእክትና ሰነድ ሁሉ ይጠፋል። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ስልክ የሰረቀ ሰው ቡትሎደሩን ከፍቶ የባለቤቱን ምስጢር እንዳያወጣ የተደረገ ጥበቃ ነው። ከዚያ በኋላ ከዚያው ሞዴልና ከዚያው የሶፍትዌር እትም የተገኘ የማስነሻ ፋይል ሱ ተጨምሮበት ይዘጋጅና ስልኩ ላይ ይጫናል። የሌላ እትም ፋይል ከገባ ስልኩ ላይነሳ ይችላል።

ይህን ሁለተኛውን መንገድ ያቀናው በ2016 ማጂስክን ያወጣው ታይዋናዊው ጆን ዉ ነው። ከእሱ በፊት በስፋት የሚሠራበት ሱፐር-ኤስዩ መጀመሪያ ላይ የሥርዓተ ክወናውን ክፍል ይለውጥ ነበር። ማጂስክ ግን ያንን ክፍል ሳይነካ የማስነሻ ፋይሉን ብቻ ይለውጣል፤ ለውጡን ስልኩ በሚነሳበት ሰዓት ከላይ ይደርበዋል። ሐሳቡን የተወ ሰው የማስነሻ ፋይሉን መልሶ ስልኩን እንደነበረ ሊያደርገው ይችላል። ጆን ዉ ራሱ በ2021 በጉግል የአንድሮይድ ደህንነት ቡድን ውስጥ ሥራ ጀመረ።

ርካሹ ስልክ ለምን ይለያል?

ርካሽ ስልክ የገዛ ሰው ሩትን የሚፈልግበት በቂ ምክንያት አለው። ማስቀመጫው ጠባብ ነው፤ ከጠባቡም ላይ የማይጠፉ አፖች ተጭነውበት ይመጣሉ። አፕዴቱ ቶሎ ይቋረጣል፤ ጨርሶ ላይመጣም ይችላል። ውድ ስልክ ያለው ሰው ሌላ ሥርዓተ ክወና ጭኖ የስልኩን ዕድሜ ሊያራዝም ይሞክራል። በርካሹ ላይ ይህም አስቸጋሪ ነው፤ ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገውን የከርነል ምንጭ ኮድ ብዙ አምራቾች አይለቁትም። የሊኑክስ ፈቃድ ግን እንዲለቁት ያስገድዳል።

ሚዲያቴክ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ቺፖች በብዙ ርካሽ ስልኮችና ታብሌቶች ውስጥ አሉ። በ2019 አንድ የፕሮግራም ባለሙያ የአማዞንን ርካሽ ታብሌቶች ሩት ለማድረግ ሲሠራ፣ የምስልና የቪዲዮ ሥራን በሚያቀላጥፈው የሚዲያቴክ ሶፍትዌር ውስጥ ክፍተት አገኘ። በዚያ በኩል ማንኛውም ተራ አፕ በስልኩ ሚሞሪ ላይ እንደፈለገ መጻፍ ይችል ነበር። ባለሙያው "ኤምቲኬ-ሱ" የተባለች ፕሮግራም ሠራ። ቡትሎደር መክፈት የለም፣ መረጃ መጥፋት የለም፤ ፋይሏን ገልብጦ ማስነሳት ይበቃል፣ በሰከንዶች ውስጥ ሩት ይገኛል። ስልኩ ጠፍቶ ሲነሳ ሥልጣኑም ይጠፋል። ብዙም ሳይቆይ ፕሮግራሟ በብዙ ዓይነት የሚዲያቴክ ቺፖች ላይ እንደምትሠራ ታወቀ።

ለባለስልኮች የምሥራች ነበር፤ ለሌሎችም ጭምር። ሚዲያቴክ መጠገኛውን በሜይ 2019 አዘጋጀ። ነገር ግን ቺፕ ሠሪው ስልኩ ላይ መጠገኛ አይጭንም፤ የሚጭነው ስልኩን የሸጠው ኩባንያ ነው። ብዙዎቹም አልጫኑም። ጉግል መጠገኛውን በወርኃዊ የደህንነት ማሻሻያው ውስጥ ያካተተው በማርች 2020 ነው። ከዚያ በፊት፣ በጃንዋሪ 2020፣ ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደህንነት ኩባንያ በጉግል ፕሌይ ላይ ተደብቀው የነበሩ የስለላ አፖች በዚሁ ክፍተት ሩት እየሆኑ የሰዎችን መረጃ እንደሚወስዱ አጋልጦ ነበር። ባለቤቱ የማይፈለጉ አፖችን ለማጥፋት የተጠቀመበት መንገድ ለሰላዩም እኩል ክፍት ነበር።

ከዚህም የባሰ አለ። በኦገስት 2020 ሴኪዩር-ዲ የተባለ የሞባይል ደህንነት ድርጅትና በዝፊድ ኒውስ ባወጡት ምርመራ፣ ቴክኖ ደብልዩ2 በተባሉ ርካሽ ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ተንኮል አዘል ፕሮግራሞች ገና ከመሸጣቸው በፊት ተጭነው እንደነበር ተገለጸ። ስልኮቹ በብዛት ከተገኙባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካም ነበሩበት። ፕሮግራሞቹ ባለስልኩ ሳያውቅ የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ላይ ይመዘግቡትና ካርድ የሞላበትን ሂሳብ ይበሉበት ነበር። ድርጅቱ አጠራጣሪ የክፍያ ጥያቄ የመጣባቸውን ስልኮች ከ200 ሺህ በላይ ቆጥሯል። አምራቹ ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ስሙ ያልተጠቀሰ አቅራቢ ላይ አድርጎ፣ መጠገኛ ማውጣቱን አስታወቀ።

የዚህ ታሪክ መራራ ትምህርት ሥልጣኑ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ ፕሮግራሙን አያጠፋውም፤ የተቀመጠው ባለቤቱ በማይጽፍበት ክፍል ነበርና። ካርድ ሞልቶ ሳይደውል የሚያልቅበት ሰው ሌባውን ከገዛ ስልኩ ለማስወጣት ፈቃድ አልነበረውም። ሌባው ግን ነበረው።

የሚከፈለው ዋጋ

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ሩት ማድረግን ለሁሉም ሰው መምከር ትክክል አይሆንም። የባንክና የክፍያ አፖች ብዙዎቹ ሩት በሆነ ስልክ ላይ አንሠራም ይላሉ። አባባላቸውም ምክንያት አለው፤ አንድ ጊዜ በስህተት "ፍቀድ" የተባለ አፕ የሌላውን አፕ ምስጢር ሁሉ ማየት ይችላል። ዋስትናውም ሊቀር ይችላል። በሳምሰንግ ስልኮች ላይ ሥርዓተ ክወናው ሲነካ የሚቃጠልና ተመልሶ የማይሠራ ምልክት በቺፑ ውስጥ አለ፤ ከዚያ በኋላ አንዳንድ የደህንነት አገልግሎቶች ለዘለቄታው ይዘጋሉ።

ከሁሉ የሚያሰጋው "በአንድ ንክኪ ሩት" የሚሉ፣ ምንጭ ኮዳቸው የተዘጋ አፖች ናቸው። አፑ ክፍተት ፈልጎ ሲገባ ሥልጣኑን መጀመሪያ የሚይዘው ራሱ ነው፤ ለባለስልኩ የሚያካፍለው በኋላ ነው። ምን እንደሚያደርግበት የሚያይ የለም። ለጠጋኝ ስልክ ሰጥቶ "ሩት አድርግልኝ" የሚል ሰውም በምን እንደሚሠራው፣ ሲያበቃ ምን እንደሚቀር መጠየቅ ይገባዋል።

ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚፈለገው ነገር ያለ ሩት ይገኛል። የማይጠፋውን አፕ ከቅንብሮች ውስጥ ገብቶ ማሰናከል ይቻላል። ማሰናከያው ከተከለከለ፣ በገንቢ አማራጮች የዩኤስቢ ማረሚያውን ከፍቶ ከኮምፒውተር ኤዲቢ በተባለው የትእዛዝ መሣሪያ ለራስ መለያ ብቻ ማራገፍ ይቻላል፤ ፋይሉ በሥርዓተ ክወናው ክፍል ውስጥ ቢቀርም አፑ አይነሳም፣ ዳታም አይበላም። ስህተት ከተፈጠረ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ አፑን ያመጣዋል። ለአብዛኛው ሰው ይህ ይበቃል።

ሩት ለሚያስፈልገው ግን ሥልጣኑ ሊነፈገው አይገባም። በ2010 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ባወጣው ውሳኔ፣ የፈለገውን አፕ ለመጫን የስልኩን ገደብ የሚሰብር ባለቤት የቅጂ መብት ሕጉን እንደማይጥስ ተደንግጓል። የሚዲያቴኩና የቴክኖው ታሪክ አብረው ሲታዩ ባለቤቱ እንዳይገባ የተዘጋ ስልክ ሁሉ ከሌባ የተጠበቀ እንዳልሆነ ያስረዳሉ። ስልክን የሚጠብቀው በወቅቱ የሚመጣ መጠገኛ ነው፤ ባለቤትነትን የሚያከብረው ደግሞ መረጃን በሚጠብቅ መንገድ በባለቤቱ ጥያቄ የሚከፈት ቡትሎደር ነው። ሁለቱም በአምራቹ እጅ ያሉ ናቸው፤ ሁለቱንም ለመስጠት ስልኩ ውድ መሆን የለበትም። ስለዚህ ርካሽ ስልክ የሚገዛ ሰው ካሜራውንና ባትሪውን ሲጠይቅ፣ የመጨረሻው የደህንነት ማሻሻያ የደረሰው መቼ እንደሆነ ቅንብሮች ውስጥ ገብቶ ይመልከት። ቀኑ ዓመት ያለፈው ከሆነ፣ በዚያ ስልክ ላይ ማን እንደሚያዝ ከወዲሁ አጠራጣሪ ነው፤ ገንዘቡንም በሌላ ስልክ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።