በዕለት ተዕለት ክርክር የሚታዩ የአመክንዮ ሕፀፆች

በሥነ አመክንዮ ሕፀፅ የሚባለው ሐሰተኛ አነጋገር ሁሉ አይደለም። የቀረቡት ማስረጃዎች በሙሉ እውነት ሆነው፣ ከእነርሱ ወደ መደምደሚያው የሚያደርሰው መንገድ የተሰበረ እንደ ሆነ ክርክሩ ሕፀፅ አለበት። ግሪካዊው ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት እንዲህ ያሉትን ስሕተቶች 13 አድርጎ ዘርዝሯል። ለመምህሩ ግን ከዝርዝሩ ይልቅ የሚጠቅመው ስሕተቱን በሚሰማው ንግግር ውስጥ ለይቶ ማወቁ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ያስነሣው ክርክር ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ኩረጃን ለመከላከል ሲባል፣ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። «ፈተናው ዩኒቨርሲቲ በሄደ ዓመት ተማሪው ወደቀ፤ እንግዲህ የጣለው መሄዱ ነው» የሚል ቢኖር፣ ዶሮ ስለ ጮኸ ነጋ ከሚል ሰው አይለይም። ቀድሞ የመጣ ሁሉ ለተከተለው ምክንያት አይሆንም። በዚያ ዓመት የተለወጠው ቦታው ብቻ አልነበረም። ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ የሚወሰን ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ማለፊያው ግማሽ ሆነ። ተፈታኞቹም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ነበሩ። «የቀድሞው ውጤት ሁሉ የኩረጃ ነበር» የሚለውም ተቃራኒ ወገን በዚያው ሕፀፅ ይያዛል። ዕቅድ አውጪው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው፣ በቀደሙት ዓመታት ግማሽ ያገኙት ስንት ነበሩ የሚለውን ነው፤ በሁለት ልዩ ልዩ መስፈሪያ የተሰፈረ እህል አይነጻጸርምና።

«ጥፋቱ የመምህሩ ነው ወይስ የተማሪው?» የሚለው ጥያቄም መጽሐፍ ያልደረሰበትንና በአንድ ክፍል ከመጠን በላይ ተማሪ የታጨቀበትን ትምህርት ቤት ከወዲሁ ከክርክሩ ያስወጣል።

በመምህራን ስብሰባ እጅግ የሚዘወተረው ግን ነገሩን ትቶ ተናጋሪውን መንቀፍ ነው። አንድ ወጣት መምህር የፈተና ጥያቄዎቹ ሽምደዳን ብቻ ይለካሉ ቢል፣ «አንተ ገና ትናንት የተመረቅህ!» ይባላል። የአገልግሎቱ ማነስ ጥያቄዎቹን የተሻሉ አያደርጋቸውም። ሆኖም እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ያው መምህር «በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ምስክርነት ቢሰጥ፣ የት ሆኖ እንዳየና ሊታመን የሚችል መሆኑን መጠየቅ ተገቢ እንጂ ሕፀፅ አይደለም። ይህን ልዩነት ሳያስረዱ የሕፀፅ ስሞችን ብቻ ማስጠናት፣ ተማሪው ያልወደደውን ክርክር ሁሉ በስም እየጠራ እንዲጥል ያደርገዋል።

ተረትና ምሳሌም እንደ ማስረጃ ሲቀርብ መመርመር አለበት። «ዝም አይነቅዝም» ያለ ሰው ክርክሩን የረታ ቢመስለው፣ ሌላው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም አባባሎች ነገርን ያሳምራሉ፤ አንዳቸውም ግን በዚያ ጉዳይ መናገር ይበጅ እንደ ሆነ አያስረዱም። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል አማርኛ መምህር ይህ ምቹ መልመጃ ነው፦ ተማሪዎች በቡድን ተከፍለው ለአንድ አባባል ተቃራኒውን ይፈልጉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ አባባል በምን ሁኔታ እንደሚሠራ፣ በምን ሁኔታ እንደማይሠራ ከሠፈራቸው ኑሮ ምሳሌ እየሰጡ ይጻፉ።