34 ዘፈንና አንድ መሐረብ፦ የሉዊዚያና ሙዚቃ እንዴት ተረፈ?

አሜዴ አርዷን የሚባል ሙዚቀኛ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችሁ «አይ» እንደምትሉ እንገምታለን። በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት ግን ኬጅን እና ዛይዴኮ የሚባሉትን ሙዚቃዎች የሚጫወት ሁሉ የእሱ ባለዕዳ ነው። አኮርዲዮን እየተጫወተ፣ ከፍ ባለ ቀጭን ድምፅ በፈረንሳይኛ ይዘፍን ነበር። በሸክላ የቀሩለት 34 ዘፈኖች ናቸው። ሌላው ስለ እሱ የምናውቀው ነገር በአብዛኛው ሰዎች እያስታወሱ ያወሩት ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እናስረዳ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ኬጅኖች እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ከዛሬዋ ካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያፈናቀሏቸው የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘሮች ናቸው። ብዙዎቹ ዞረው ዞረው ሉዊዚያና ሰፈሩ። እዚያው ጎረቤታቸው የሆኑት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጥቁሮች ደግሞ ክሪዮል ይባላሉ። «ኬጅን የነጮቹ፣ ዛይዴኮ የክሪዮሎቹ» ሲባል ትሰማላችሁ፤ ድንበሩ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። አርዷን ጥቁር ነው፤ ሸክላ ሲያስቀርጽ አብሮት ቫዮሊን የተጫወተው ዴኒስ መጊ ደግሞ ነጭ። በነገራችን ላይ «ዛይዴኮ» የሚለው ስም «ሌዛሪኮ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መጣ ይባላል። ትርጉሙ ፎሶሊያ ነው። አዎ፣ የምንበላው ፎሶሊያ! ስሙን ዓለም ያወቀው ግን ኋላ ላይ በክሊፍተን ሼኒየር አኮርዲዮን ነው።

የመጀመሪያው የኬጅን ሸክላ የተቀረጸው በ1928 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ነው፤ ያስቀረጹት ጆ ፋልኮን እና ክሌዎማ ብሮ ናቸው። አርዷን በ1929 ተከተለ። ኩባንያዎቹ የመጡት ቅርስ ለማቆየት ሳይሆን ለመሸጥ ነበር። የሸክላው አንድ ገጽ ከ3 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ሲረዝም ሲጨፈርበት የነበረው ዘፈን በ3 ደቂቃ ተቆርጦ ቀረ።

ኩባንያዎቹ ያለፉትን የቀረጹት ጆን ሎማክስ እና ልጁ አለን ናቸው። በ1934 መቅረጫ ማሽን በመኪና ጭነው መጡ። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በጭብጨባና በእግር ምት ብቻ የሚዘፈነውን የክሪዮሎች «ጁሬ» ቀረጹ። ከዛይዴኮ ሥሮች አንዱ ይሄ ነው ይባላል። ቅጂው ዋሽንግተን፣ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ኋላ ግልባጩ ወደ ላፋዬት ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ።

ግን ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሸክላው ድምፁን ይዟል፣ የዘፋኙን ታሪክ ግን አይነግርም። በዚያ ላይ የ1921 የግዛቷ ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ ስላዘዘ፣ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ያወራ ልጅ ይቀጣ ነበር። የልጅ ልጆቹ ዘፈኑን ይሰማሉ፤ ግጥሙ ግን ለብዙዎቹ አይገባቸውም። ለዚህ ነው ከ1970ዎቹ ጀምሮ እነ ባሪ አንስሌ ቴፕ ይዘው በየሽማግሌ ሙዚቀኞቹ ቤት የዞሩት።

የአርዷንም መጨረሻ የሚታወቀው በሙዚቀኞች ትዝታ ነው። እንደ ቫዮሊን ተጫዋቹ ካንሬ ፎንተኖ ያሉ የሚያውቁት ሰዎች እንዳወሩት፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ አንድ የነጮች ቤት ጭፈራ ላይ ሲጫወት ላቡ ይንጠፈጠፋል። የቤቱ ልጅ መሐረቧን ሰጠችው፤ ፊቱን ጠረገበት። በቃ፣ ጥፋቱ ይቺው ናት። ሁለት ነጮች ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ጠብቀው ቀጠቀጡት። ከዚያ በኋላ አእምሮው አልተመለሰም። በ1942 ፓይንቪል በሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል ሞተ።

«የለም፣ የቀናበት ሙዚቀኛ መርዞት ነው» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወሬ እስከ ዛሬ አብሮ ይነገራል። እኛን የገረመን ግን ይሄ ነው፦ ማንም ባይጠይቃቸው ኖሮ 34ቱን ዘፈኖች እየሰማን፣ ዘፋኙ ለምን ድንገት ዝም እንዳለ አናውቅም ነበር።

መቃብሩ በትክክል የት እንደሆነ አይታወቅም። አጽሙን ወደ አገሩ መመለስ ስላልተቻለ፣ በ2018 ኦፔሉሳስ አካባቢ ሐውልት ቆሞለታል። ዘፈኖቹን ዩቲዩብ ላይ ስሙን ጽፋችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ሲንጫጫ ብትሰሙ ስልካችሁ ተበላሽቶ አይደለም፤ የሸክላው ጭረት ነው።