ምናባዊ እውነታና የሕይወት ክህሎት ትምህርት፤ ከደባርቅና ከዳባት ት/ቤቶች ሁኔታ አንጻር

1. መግቢያ

በሰው ፊት መናገር፣ ሌላውን ማዳመጥ፣ ተባብሮ መሥራት፣ ቁጣንና ፍርሃትን መግታት፣ መከራ ከደረሰም በኋላ እንደገና መቆም፣ እነዚህ ሁሉ በጠቅላላው የሕይወት ክህሎት ይባላሉ። ዋና ስለ ዋና በመስማት እንደማይለመድ ሁሉ፣ እነዚህም ችሎታዎች የሚገኙት በመለማመድ ነው። ይሁን እንጂ እውነተኛው ሕይወት ለልምምድ አይመችም፤ በዚያ የተሳሳተ ሰው ዋጋ ይከፍላልና። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ወይም ምናባዊ እውነታ የተባለው ዘዴ የትምህርት ባለሙያዎችን ትኩረት የሳበው ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ስለታሰበ ነው። ይህ ጽሑፍ የዘዴውን ምንነትና በስሜን ግርጌ ባሉ ት/ቤቶች ሊሰጥ የሚችለውን ጥቅም ይመረምራል።

2. የመሣሪያው አሠራር

መሣሪያው ዐይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መነጽር ነው። ለእያንዳንዱ ዐይን ጥቂት የሚለያይ ሥዕል ስለሚያቀርብ ጥልቀት ያለው ቦታ ይታያል፤ ተመልካቹ ራሱን ሲያዞር ሥዕሉም አብሮ ይዞራል። በዚህ ምክንያት ተመልካቹ ከቦታው የተገኘ ያህል ይሰማዋል። ኢቫን ሰዘርላንድ በ1968 እ.ኤ.አ. የሠራው የመጀመሪያው ዓይነት መሣሪያ ከክብደቱ የተነሣ ከጣራ ላይ ተንጠልጥሎ ይሠራ ነበር።

ባርባራ ሮዝባምና ባልደረቦቿ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከፍታን የሚፈሩ የኮሌጅ ተማሪዎች በምናባዊ ድልድይ፣ በሰገነትና በመስተዋት አሳንሰር ላይ ቀስ በቀስ እየተለማመዱ ፍርሃታቸው ቀንሷል። በዚህ ሥራ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ፤ እነርሱም ከቀላል ወደ ከባድ መሄድ፣ ያለጉዳት መደጋገምና በባለሙያ መመራት ናቸው።

3. የአካባቢው ፍላጎት

በስሜን ገደል አፋፍ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ የገደል ሥዕል አያስፈልገውም። ልምምድ የሚያስፈልገው በሌላ በኩል ነው። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ፣ ልጆቻቸው ከእርሻና ከከብት ርባታ ኑሮ ወደ ከተማ ኑሮ መሻገር ግድ ሆኖባቸዋል። ወደፊት አስጎብኚ ለመሆን የሚያስብ ወጣት ቅር የተሰኘ እንግዳን በትዕግሥት ማስተናገድ ይጠበቅበታል። የጋብቻ ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑ በሕግ ቢደነገግም፣ ያለዕድሜዋ ልትዳር የታሰበች ልጃገረድ ሐሳቧን ለወላጆቿ የምትገልጽበት አንደበት ካላገኘች ሕጉ ብቻውን አያድናትም።

ከዚህም ሌላ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ ብዙዎችም ከቀዬአቸው ተፈናቅለዋል። ይህን ያየ ልጅ ዐይኑ ተሸፍኖ ድንገተኛ ድምፅና አስፈሪ ሥዕል ቢቀርብለት የቆየ ሕመሙ ሊቀሰቀስ ይችላል። በጦርነት የተጎዱ ወታደሮችን በዚህ ዘዴ መርዳት በውጭ አገር የተሞከረው በሕክምና ባለሙያዎች እጅ ነው፤ መምህር ግን ሐኪም አይደለም። ስለሆነም ጽናት ማለት ልጁን መልሶ ማስፈራራት እንዳልሆነ ሊታወቅ ይገባል።

4. ከቴሌቪዥን ትምህርት የተገኘ ልምድ

በ2004 እ.ኤ.አ. ገደማ በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ተጀምሮ ነበር። ፕላዝማ በመባል የታወቀው ይህ ትምህርት የመምህር እጥረትን ለማቃለልና የትምህርትን ጥራት ለማመጣጠን የታሰበ ቢሆንም፣ በተወሰነለት ፍጥነት ስለሚጓዝ ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው አይችልም ነበር፤ መምህሩም በመክፈቻና በመዝጊያ ደቂቃዎች ተወሰነ። ምናባዊ እውነታም ያለመምህር ዝግጅት ቢገባ ይኸው እንዳይደገም ያሰጋል።

5. ያለመሣሪያው ምን ሊሠራ ይችላል?

ከላይ የተጠቀሱት ሦስቱ ነገሮች የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ክፍልም በሚና ጨዋታ ሊገኙ ይችላሉ። ለምሳሌ አንዲት ተማሪ ትምህርቷን ለመቀጠል ያላትን ፍላጎት ለአባት ታስረዳለች እንበል። በመጀመሪያው ዙር የአባትን ሚና የያዘው ተማሪ በእርጋታ ያዳምጣል፤ በሁለተኛው ንግግሯን ያቋርጣል፤ በሦስተኛው ይቆጣል። የቀሩት ተማሪዎች ምን እንደተባለና ምን እንደረዳት ይመዘግባሉ። ከዚያ ውይይት ይደረግና ሚና ተለዋውጦ ይደገማል። መምህሩ የአንድን ተማሪ የራሱን የቤት ታሪክ ለጨዋታ አይመርጥም፤ መጫወት ያልፈለገም አይገደድም።

6. ማጠቃለያ

ለዕቅድ አውጪዎች የሚበጀው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፤

ሀ) ከአካባቢው ኑሮ የተወሰዱ የልምምድ ታሪኮችን በአማርኛ ማዘጋጀት፤

ለ) መምህራንን ውይይት በመምራትና የተጨነቀ ልጅን ለይቶ ወደ ጤና ተቋም በመላክ ማሠልጠን፤

ሐ) መሣሪያውን በመጨረሻ፣ እንደ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ባለ ማዕከል፣ በመጀመሪያ በመምህራኑ በራሳቸው ላይ መሞከር። ሜታ የተባለው አምራች በ2023 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛውን የተጠቃሚ ዕድሜ ከ13 ወደ 10 ዓመት ቢያወርድም፣ ከዚያ በታች ያሉ ሕፃናትን አለማስገባት ተገቢ ነው።

መነጽሩ ልጁን ለጥቂት ደቂቃ ሌላ ቦታ ያደርሰዋል። ከዚያ ሲመለስ የሚጠብቀው፣ ያየውንም ከኑሮው ጋር የሚያገናኝለት ግን መምህሩ ነው። በመሆኑም በጀት ሲደለደል ቅድሚያ የሚገባው የመምህሩ ዝግጅት ነው።