መሪውም አማና ነው፦ በዕድሜ ስለገፉ ሹፌር አባቶቻችን

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ጉጉፍቱ ላይ ጉም ሲወርድ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ደጋው ድንገት ነጭ ይለብሳል፤ ከፊት የነበረው መኪና ይሰወራል፤ የመንገዱ ዳር የት ላይ እንደሚያበቃ የሚታወቀው በልምድ ብቻ ይሆናል።

ከዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ሰዓት እኛም በዚያ መንገድ ላይ ነበርን። መሪውን የጨበጡት አባታችን ናቸው። ያኔ ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ አርባውን ዓመት ያህል ያሳለፉት በሹፌርነት ነው። ከፊት ለፊት የመጣ የጭነት መኪና መብራቱን ሲለቅብን አባታችን ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ፒክአፗ ወደ ቀኝ አዘነበለች፤ ጎማዎቿ መንገዱን ለቀቁ። ጥቂት በጎች እየነዳ ዳር ዳሩን ይሄድ የነበረ እረኛ ልጅ ወደ ቦዩ ዘለለ። መኪናዋ ስትቆም ሁለት በጎች ሞተዋል፤ ልጁ ክንዱን ይዞ ያለቅሳል።

ልጁን ወደ ሕክምና ወሰድነው፤ ክንዱ ተሰብሮ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ፣ ውሎ አድሮ ዳነ። ሽማግሌዎች መካከል ገብተው የበጎቹ ዋጋና የሕክምናው ወጪ ተከፈለ፤ ዕርቅ ወረደ። አባታችንም «ቀደር ነው ልጆቼ» አሉ። እኛም «አዎ፣ ቀደር ነው» ብለን ዝም አልን።

ነገር ግን ሁላችንም አንድ ነገር እናውቅ ነበር። ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ አባታችን ሲመሽ መንዳት እየከበዳቸው ነበር። የጎረቤታችንን አጥር ገጭተው «ማን እዚህ አመጣው?» ብለው ስቀዋል፤ እኛም አብረን ስቀናል። ሲመጣ ያላዩት ባጃጅ ቀርቦ ሲያስደነግጣቸው በዓይናችን አይተናል። ታላቅ ወንድማችን ለታናሹ፣ ታናሹ ለእናታችን ተናግሯል፤ ለአባታችን የተናገረ ግን አልነበረም። ዝምታችን አክብሮት መስሎን ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያ ዝምታ በብዙ ቤት እንዳለ ስለምናውቅ ነው።

መንገዳችን ስህተትን አይምርም

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለሹፌር ከባድ አገር ነው። ከለጋምቦ ከፍታ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ ቁልቁለቱና ጠመዝማዛው ብዙ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከጋፋት ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ እያስጠረጉ ወራት የፈጀባቸው በዚሁ ምድር ነው፤ በ1860 ዓ.ም. መድፉ አምባው ላይ ሲወጣ በሽሎን መውረድና መውጣት ምን ያህል እንደሚያደክም ሠራዊቱ ሁሉ ቀምሶታል። ዛሬ ያንን ምድር በሰዓታት እናቋርጠዋለን፤ ገደሉ ግን ያው ገደል ነው።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በለጋምቦ ወረዳ አንድ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ይህን የምናነሳው ስለ ሹፌሩ ዕድሜ ለመናገር አይደለም፤ በዚህ መንገድ ላይ አንድ ስህተት ምን ያህል ጀናዛ እንደሚያስወጣ ለማስታወስ ነው።

በዓለም ላይ በየዓመቱ በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው ወደ 1.19 ሚሊዮን እንደሚደርስ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ገልጿል። ከሟቾቹ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ መኪና ውስጥ ያልነበሩ፣ በእግራቸው፣ በብስክሌትና በሞተር ብስክሌት የሚጓዙ ሰዎች ናቸው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ካሉት መካከል ከማንኛውም በሽታ ይልቅ ብዙውን የሚቀጥፈው ይኸው አደጋ ነው። ያ እረኛ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ምን ያህል ቀርቶት ነበር?

ታዲያ ጥፋቱ የሽማግሌዎች ነውን?

አይደለም። ሚዛኑን መጠበቅ ይገባል። በአገራችን በአደጋ መዝገብ በብዛት የሚታዩት ወጣት አሽከርካሪዎች ናቸው። በፍጥነት የሚከንፈው፣ በጠመዝማዛ ላይ የሚቀድመው፣ እየነዳ ስልክ የሚያወራው በአብዛኛው ወጣቱ ነው። በዕድሜ የበሰለ ሹፌር ረጋ ይላል፤ መንገዱን ያውቃል፤ ቁልቁለት ሲደርስ ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተሩ ጉልበት እየተያዘ ይወርዳል እንጂ ፍሬኑ እስኪግል ድረስ አይረግጥም፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ማርሹን ነፃ አድርጎ አይለቅም። ወጣቱ ይህን ከአባቶች ቢማር ብዙ ነፍስ ይተርፍ ነበር።

ችግሩ ሌላ ነው። ልምድ ሳይቀንስ ሰውነት ይደክማል። የሥልሳ ዓመት ሰው የዓይን መስታወት ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያስገባው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። የመኪና መብራት ካፈዘዘው በኋላም ዓይኑ ቶሎ አይመለስለትም። የዓይን ሞራ ቀስ እያለ ይጋርዳል፤ ግላኮማ ደግሞ የጎን እይታን ባለቤቱ ሳያውቀው ይበላዋል። አንገት እንደ ልብ አይዞርም። እግር ከነዳጅ ወደ ፍሬን ለመዛወር ይዘገያል።

ይህ መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ እናስላ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ አንድ ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ፣ ፍሬኑን ሳይነካው 17 ሜትር አልፏል ማለት ነው። ልጅ መንገድ ለማቋረጥ ይህን ያህል ስፋት አያስፈልገውም።

በሽታና መድኃኒትም አሉ። አንዳንድ የእንቅልፍ፣ የአለርጂና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ያደነዝዛሉ። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ድንገት ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ሐሳቡ ይበተናል። በረመዷን ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር፣ ለኢፍጣር ለመድረስ እየቸኮለ መሪ ላይ ያለ የስኳር ሕመምተኛ አባት ራሱንም ሌላውንም ለአደጋ ያጋልጣል። አላህ ለታማሚና ለመንገደኛ ጾም መፍታትን የፈቀደው ሊያቀልልን ነው፤ ፈቃዱን መቀበል የኢማን ድክመት አይደለም።

ከሌላው ዓለም ምን እንማራለን?

በአሜሪካ ሳንታ ሞኒካ ከተማ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. የ86 ዓመት አዛውንት የነዱት መኪና ገበያ መሃል ገብቶ 10 ሰዎች ሞተዋል። በጃፓን ዋና ከተማ ቶኪዮ በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. የ87 ዓመት አዛውንት ያሽከረከሩት መኪና አንዲት እናትንና የሦስት ዓመት ሴት ልጇን ገድሏል። ሰውየው ጥፋቱ የመኪናው ነው ብለው ቢከራከሩም፣ ፍርድ ቤቱ በፍሬን ፈንታ የነዳጁን መርገጫ ረግጠዋል ብሎ አምስት ዓመት ፈርዶባቸዋል። በእንግሊዝም የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለቤት ልዑል ፊሊፕ በ97 ዓመታቸው፣ በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭተው መኪናቸው ተገለበጠ። እርሳቸው ተረፉ፤ በሌላው መኪና የነበሩ ሴቶች ተጎዱ። ከሳምንታት በኋላ መንጃ ፈቃዳቸውን በፈቃዳቸው መለሱ።

ጃፓኖች ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዛውንት መንጃ ፈቃዳቸውን በገዛ ፈቃዳቸው የሚመልሱበት ሥርዓት አላቸው፤ በብዙ ቦታም ፈቃዱን ለመለሰ ሰው የአውቶቡስ ወይም የታክሲ ዋጋ ይቀነስለታል። 75 ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ ፈቃዱን ሲያሳድስ የማስታወስና የማመዛዘን ችሎታው ይፈተናል። ቁልፉን የመለሰ ሰው ከቤቱ ታስሮ እንዳይቀር አስበውለታል ማለት ነው።

በእኛም አገር የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 የሚመራ ሲሆን የጤና ምርመራ ይጠየቃል። ነገር ግን ምርመራውን ወረቀት ለማሟላት ብቻ የምናደርገው ከሆነ የተታለልነው እኛው ነን። ሐኪም በዓመታት አንድ ጊዜ የሚያየውን ቤተሰብ በየቀኑ ያየዋል። የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ቤተሰብ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

«ቀደር ነው» ስንል

በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው። ነገር ግን ቀደር ለጥንቃቄ ጉድለት መሸፈኛ አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን በሰሙ ጊዜ ተማክረው ተመለሱ። «ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን?» ተብለው ሲጠየቁ፣ መሸሻውም ራሱ የአላህ ቀደር መሆኑን አስረድተዋል። ዓይንን መመርመር፣ ፍሬን ማሠራት፣ ቁልፍ ማስረከብም እንዲሁ ከቀደር ወደ ቀደር መሄድ ነው።

«በስህተት ነው» የሚለው ቃልም ኃላፊነትን አያነሳም። በሱረቱ-ን-ኒሳእ እንደተደነገገው፣ አማኝን በስህተት የገደለ ሰው ለሟች ቤተሰብ ዲያ መክፈል፣ ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ይህን ያላገኘ ደግሞ ሁለት ወር በተከታታይ መጾም አለበት። በሰባ ዓመቱ ይህ ሸክም በአባቱ ጫንቃ ላይ እንዲወድቅ የሚፈልግ ልጅ ማን ነው? አባትን ማክበር ማለት ከዚህ ሸክም ማዳን ነው።

እንዴት እንናገር?

ሐሰንና ሑሰይን (ረ.ዐ.) ልጆች ሳሉ አንድ ሽማግሌ ውዱእ ሲያሳስቱ አይተው፣ «ተሳስተዋል» ማለትን አፈሩ ይባላል። እናም «ከሁለታችን ማን አሳምሮ ውዱእ እንደሚያደርግ ይፍረዱን» ብለው ፊታቸው አደረጉ። ሽማግሌው አይተው ስህተታቸውን ራሳቸው ተረዱ። ዘዴው ዛሬም ይሠራል።

በእኛ ቤት የሆነውም እንዲሁ ነው። ከአደጋው ወራት በኋላ ወንድማችን አባታችንን «አባ፣ እኔ ልንዳና አንቱ ጎኔ ተቀምጠው ጉድለቴን ይንገሩኝ» አላቸው። እስከ አቀስታ ድረስ ሲያርሙት ሄዱ። ሲመለሱ አመሻሽ ነበር። አባታችን ድንገት «ያ ከፊት የሚመጣው ምንድነው?» ብለው ጠየቁ። ወንድማችን ቀስ ብሎ «ግመል የሚነዳ ሰው ነው አባ፤ አላዩትም?» አለ። ዝም አሉ። ቤት ሲደርሱ «ለካ አላይም» አሉ። ከዚያ ደግሞ «መኪናዋን ከወሰዳችሁብኝ እኔ ምን ቀረኝ?» ብለው ጠየቁን። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ በጆሯችን አለ። ቁልፍ ለእነርሱ እንጀራቸውና ስማቸው ነው፤ ነጥቆ መሄድ ግፍ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ሄድን። በሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ነበር። የዓይን ሞራ በአገራችን ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ቀዳሚው ቢሆንም በቀዶ ሕክምና ይድናል፤ በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በዓይን ሕክምናው ከታወቀ ቆይቷል። አባታችን ሕክምናውን አግኝተው እይታቸው ተሻሻለ። ሁሉም አዛውንት መሪ ይልቀቅ የማንለው ለዚህ ነው፤ አንዱ መነጽር ይበቃዋል፣ አንዱ በቀን ብቻ ቢነዳ ይበቃዋል፣ አንዱ ደግሞ ማቆም አለበት።

ቤተሰብ ልብ የሚለው

1. መኪናው ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ ጭረትና ግጭት ሲበዛ፤
2. የሚያውቁት መንገድ ሲጠፋቸው ወይም መታጠፊያ ሲያልፉ፤
3. ሲመሽ ወይም በጉም ጊዜ መንዳት ሲያስጨንቃቸው፤
4. ነዳጅና ፍሬን ሲያምታቱ፣ ወይም ሲዘገዩ፤
5. አዲስ መድኃኒት ሲጀምሩ፣ ወይም ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ።

ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ለሐኪም ማሳየት ይገባል። የሚናገረው ሰው አንድ ይሁን፤ እርሳቸው የሚሰሙት ልጅ፣ ወይም የሚያከብሩት ሸህ። በጉባኤ ከበው አይናገሯቸው፤ በልጅ ልጆች ፊትም አያዋርዷቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ «አይንዱ» ከማለት በፊት «የሚፈልጉበት ቦታ ማን ያደርሳቸዋል?» የሚለውን እንመልስ። ለጁሙዓ፣ ለገበያ፣ ለዚያራ፣ ለለቅሶ የሚያደርስ ልጅ ቀኑ ተለይቶ ይመደብ። ይህን ሳናደርግ ቁልፍ የምንቀበል ከሆነ እግራቸውን ነው የምንቀበለው።

አባታችን ዛሬ መሪ አይዙም። ግን ወንድማችን ወደ ደሴ በወጣ ቁጥር ጋቢና ከጎኑ ናቸው። ጉጉፍቱ ሲደርሱ «ማርሽ ቀንስ፤ እዚህ ጋ በጎች አይጠፉም» ይላሉ። እርሱም ይቀንሳል።

አላህ አባቶቻችንን በክብር፣ መንገደኞቻችንን በሰላም የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።