በከተማ ሕንፃ ውስጥ ለማኅበራት የሚሆን ስፍራ እንዴት ይገኛል?

ከተማ ባደገ ቁጥር የመሬት ዋጋ ይወደዳል፤ የመሬት ዋጋ በተወደደ ቁጥርም መካከሉን ፈጥነው የሚለቁት ለትርፍ ያልቆሙት ናቸው። ዕድሩ፣ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት፣ የስፖርት ክለቡ፣ የአረጋውያን መርጃው ከባንክና ከሱቅ ጋር በኪራይ ሊፎካከሩ አይችሉም። እንግዲህ ሕንፃ የሚያስገነባው ባለሀብት ለእነዚህ ስፍራ የሚሰጠው በምን መንገድ ነው? እኛ ሦስት መንገዶች ይታዩናል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛው መንገድ የከተማው አስተዳደር የሚሰጠው ማበረታቻ ነው። ኒው ዮርክ በ1961 ባወጣችው ደንብ፣ ባለሕንፃው ለሕዝብ ክፍት የሆነ አደባባይ ቢሠራ፣ ግንባታ በበዛባቸው ሰፈሮች ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር እስከ 10 ካሬ ሜትር ተጨማሪ ወለል ፈቀደችለት። ይሁን እንጂ በ2000 የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ 503 ስፍራዎችን መርምሮ፣ 41 ከመቶው እምብዛም ጥቅም የሌላቸው መሆናቸውን ገለጠ፤ ከሕንፃዎቹም ግማሽ ያህሉ ግዴታቸውን የጣሱ መስለው ተገኙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለሕንፃው ትርፉን በአንድ ጊዜ ተቀበለ፣ ግዴታው ግን በየቀኑ የሚፈጸም ስለ ነበር ተቆጣጣሪ አጣ።

ሁለተኛው መንገድ ማኅበሩ ራሱ የሚያደርገው ድርድር ነው። በዚያው በኒው ዮርክ የቅዱስ ጴጥሮስ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ይዞታቸውን ለሲቲኮርፕ ሕንፃ ሲሸጡ፣ በዚያው ማዕዘን አዲስ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራላቸው ተዋዋሉ። ስለዚህ በ1977 የተፈጸመው ባለ 59 ፎቅ ሕንፃ ምሰሶዎቹ በማዕዘኖቹ ሳይሆን በየጎኖቹ መካከል ቆሙ። ምእመናኑ ይህን ያገኙት መሬቱ በእጃቸው ስለ ነበረ ነው፤ ተከራይ የሆነ ማኅበር ይህን ጉልበት አያገኝም።

ሦስተኛው፣ ለትርፍ ያልቆመው ድርጅት ራሱ ገንቢ ሲሆን ነው። በለንደን ኮይን ስትሪት በተባለው ሰፈር ነዋሪዎቹ የቢሮ ሕንፃ ዕቅድን ለዓመታት ከተቃወሙ በኋላ፣ ያቋቋሙት ድርጅት በ1984 13 ኤከር መሬት በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ዛሬ ከሱቅና ከምግብ ቤት የሚገኘው ኪራይ የሰፈሩን አገልግሎት ይደግፋል፤ የሕፃናት መዋያ ያለበት የሰፈሩ ማእከልም በ2007 ተከፍቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ከመኖሪያው ሕንፃ ሌላ በግ የሚታረድበት፣ ወጥ የሚሠራበት፣ ለሠርግና ለልቅሶ የሚሆን የጋራ ቤት እንዲኖር ታስቦ ተሠርቷል። ነባር ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር ግን፣ ዕድሩ ከአባላቱ መበታተን ሌላ ድንኳኑንና ድስቱን የሚያኖርበት ጭምር ያጣል።

ስለዚህ የግንባታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ነገሮች በውል መጻፍ አለባቸው እንላለን። ይኸውም፦ አንደኛ፣ የክፍሉ ስፋትና ቦታ፣ አሮጊት ደረጃ ሳትወጣ የምትገባበት መሆኑም ጭምር፤ ሁለተኛ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆንና ለስንት ዓመት፤ ሦስተኛ፣ መብራቱን፣ ውሃውንና ጥገናውን ማን እንደሚከፍል ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ክፍሉ ውሎ አድሮ መጋዘን ወይም ሱቅ ይሆናል።

ለባለሀብቱም ቢሆን ነገሩ ምጽዋት አይደለም። ተጨማሪ ፎቅ ከተፈቀደለት ዋጋውን ያገኛል፤ የሰፈሩ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ሕንፃም ወዳጅ አያጣም።

ከእኛ መካከል ነገ ፕላን የሚነድፉ፣ ውል የሚያረቅቁ፣ በማዘጋጃ ቤት ፈቃድ የሚሰጡ ይኖራሉ። ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ «ማኅበሩ የት ይሰብሰብ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ጥያቄው መነሣት ያለበት ፕላኑ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው።