ገና ያልተጠናቀቀ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለአድማጭ ሲቀርብ

እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ ሦስት ወጣቶች ራሳቸው የሠሩትንና ገና በሸክላ ያልታተመውን ሙዚቃ በቴፕ ቀድተው “ሚዩዚክ ቦክስ” ወደተሰኘው የጭፈራ ቤት ወሰዱት። ወጣቶቹ “ፉቸር” በሚል ስም የተሰባሰቡት ዲጄ ፒየር፣ ስፓንኪና ኸርብ ጄ ሲሆኑ፣ ቴፑን የተቀበላቸው ደግሞ የቤቱ ሙዚቃ አጫዋች ሮን ሃርዲ ነበር።

ሙዚቃው በጊዜው ከተለመደው ሁሉ የተለየ ነበር። ዋነኛ ድምፁ የተገኘው ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቤዝ ጊታር ተጫዋችን እንዲተካ አስቦ ካወጣው፣ ነገር ግን ፈላጊ በማጣቱ እ.ኤ.አ በ1984 ምርቱ ከተቋረጠው “ቲቢ-303” ከተሰኘ አነስተኛ መሣሪያ ነው። ወጣቶቹ የመሣሪያውን መቆጣጠሪያዎች ሙዚቃው እየሄደ ሳለ ወዲያና ወዲህ በማዞራቸው የሚያፏጭ፣ የሚንጫጫና መልሶ የሚያጉረመርም ድምፅ ተፈጠረ። ዜማ ለለመደ ጆሮ እንግዳ ነገር ነበር።

ፒየር በተለያዩ ጊዜያት እንደተረከው፣ ሃርዲ ሙዚቃውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጫውተው ጨፋሪው ወለሉን ለቆ ወጣ። ሃርዲ ግን ቴፑን አልመለሰም፤ ሕዝቡ ወደ ወለሉ እስኪመለስ ጠብቆ ደገመው። በዚያው ሌሊት ለአራተኛ ጊዜ ሲያሰማው ቀደም ሲል የሸሸው ጨፋሪ አዳራሹን በጩኸት ሞላው።

በመጀመሪያው ዙር ማብቂያ ላይ በር ላይ ቆሞ መጠይቅ የሚያስሞላ ሰው ቢኖር ኖሮ ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ሦስቱ ወጣቶችም ቴፑን ይዘው ወደ ቤታቸው በተመለሱ ነበር። የዛሬው ጽሑፋችንም ይህንኑ ጉዳይ ይመለከታል፤ ገና በሥራ ላይ ያለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለአድማጭ ቀርቦ የሚሰበሰበው አስተያየት እንዴት ይገኛል? ምን ያህልስ ይታመናል?

ኤሌክትሮኒክ ፖፕ በመባል የሚታወቀው ሙዚቃ ድምፁ በአብዛኛው በኮምፒውተርና በሲንተሳይዘር የሚፈጠር ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ በ2018 ዲጄ፣ አቀናባሪና ድምፃዊ የሆነው ሮፍናን ኑሪ ባሳተመው የበኩር አልበሙ ይህ የሙዚቃ ዓይነት ከኢትዮጵያ ዜማዎች ጋር ተዋህዶ ሰፊ አድማጭ ለማግኘት መቻሉ ይታወሳል። የአሠራሩ ልዩ ባሕርይ አንድ ሰው ዜማውን ደርሶ፣ ቅንብሩን ሠርቶና ድምፆቹን አመጣጥኖ በአንድ ክፍል ውስጥ ሊጨርሰው መቻሉ ነው። ይህም ለባለሙያው ሙሉ ነፃነት የሚሰጠውን ያህል ብቸኛ ያደርገዋል። በባንድ በሚሠራ ዘፈን ከበሮ መቺው በልምምድ ላይ ፊቱን ካጨማደደ ድምፃዊው ያያል። አዝማሪም ከእንግዳው “ተቀበል” ተብሎ ስንኝ ሲሰጠው አስተያየቱን እዚያው በመሰንቆው ላይ ይቀበላል። በኮምፒውተር ፊት ብቻውን የተቀመጠ አቀናባሪ ግን ፊቱን የሚያጨማድድለት ሰው የለውም።

ሌላው ችግር የሥራው ማብቂያ በግልጽ አለመታወቁ ነው። ፋይሉ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ ዛሬ የተዘጋው ቅንብር ነገ ሊቀየር ይችላል። አቀናባሪው አንዲትን ስምንት ሰከንድ የማትሞላ ሐረግ በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ደጋግሞ ስለሚሰማት ጆሮው ይደነዝዛል፤ ይላመዳልም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንስ እ.ኤ.አ በ1968 ባሳተመው ጥናት ሰዎች አንድ ነገር በተደጋጋሚ ስላጋጠማቸው ብቻ ወደ መውደድ እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ይህ ግኝት በሁለት በኩል የተሳለ ነው። በአንድ በኩል ባለሙያው የራሱን ሥራ የሚወደው ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን ስለለመደው ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሰማ አድማጭ “አልወደድኩትም” ማለቱ ስለሥራው ሳይሆን ስለእንግድነቱ ሊሆን እንደሚችል ይነግረናል። የቺካጎው ሌሊትም በከፊል የሚብራራው በዚህ ነው።

ያላለቀን ሥራ በሕዝብ ፊት መፈተን ግን ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ልማድ ነው። በጃማይካ የድምፅ ማጉያ ባለቤቶች አዲስ ቅጂን ለገበያ ከማቅረባቸው በፊት ለስላሳ በሆነ ሸክላ ላይ በአንድ ቅጂ ብቻ አስቀርፀው በጭፈራ ሥፍራ ይሞክሩት ነበር። ሸክላው በተወሰነ ጊዜ ጨዋታ የሚያልቅ በመሆኑ ለሙከራ እንጂ ለሽያጭ አይሆንም። ከዘፈኖቹ አንዱ በቀረፃ ባለሙያው ስህተት ድምፃዊው ሳይኖርበት ተቀርፆ ሲቀርብ ሕዝቡ ራሱ ግጥሙን እያዜመ ባዶውን ሞላው። ከዚያ በኋላ ድምፃዊ የሌለበት ቅጂ ማዘጋጀት የጃማይካ ሙዚቃ አንድ ዘርፍ ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ በ1975 የሆነው ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ፖፕ ይበልጥ የቀረበ ነው። የካዛብላንካ ሙዚቃ አሳታሚ ኃላፊ የነበረው ኒል ቦጋርት፣ ጆርጂዮ ሞሮደር በጀርመን ሙኒክ ከዶና ሳመር ጋር የሠራውን አጭር ዘፈን በቤቱ ባዘጋጀው ግብዣ ላይ አሰማ። እንግዶቹ ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ቦጋርት ከዚህ የተረዳው ዘፈኑ መወደዱን ብቻ ሳይሆን ማጠሩንም ነበር። ሞሮደርን አስረዝምልኝ ብሎ በመጠየቁም “ላቭ ቱ ላቭ ዩ ቤቢ” ከ16 ደቂቃ በላይ ሆኖ የአልበሙን አንድ ገጽ ሙሉ ያዘ። ልብ ሊባል የሚገባው እንግዶቹ “ዘፈኑ ይርዘም” የሚል ሐሳብ አለማቅረባቸው ነው። እነርሱ ያደረጉት ደግሙልን ማለት ብቻ ነበር፤ ትርጉሙን ያወጣው ሙያተኛው ነው።

በዚህ ረገድ በአገራችን አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለ፤ ይሉኝታ። ወዳጅ ለወዳጁ ሥራውን አሰምቶ “እንዴት ነው?” ቢለው የሚያገኘው መልስ “ጥሩ ነው፣ በርታ” የሚል እንደሚሆን የታወቀ ነው። ረቂቅ መመሪያ አዘጋጅቶ ለውይይት ያቀረበ የመንግሥት ሠራተኛም “በአጠቃላይ ጥሩ ነው” የሚለው አስተያየት ለሥራው ምን ያህል እንደማይጠቅም ያውቀዋል። ስለዚህ ጥያቄው መለወጥ ይኖርበታል። የሞታውን ኩባንያ መሥራች ቤሪ ጎርዲ በዲትሮይት በየሳምንቱ በሚያደርገው የጥራት ስብሰባ ላይ ባልደረቦቹን የሚጠይቀው ዘፈኑን ወደዱት ወይስ አልወደዱት ብሎ አልነበረም። ኪሳችሁ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻ ዶላር ብትሆን ይህን ሸክላ ትገዙባታላችሁ ወይስ ሳንድዊች የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ የተጠያቂውን ትሕትና አልፎ ወደ ምርጫው ይደርሳል።

ከቃል ይልቅ ደግሞ አካል ይታመናል። አድማጩን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ ወይም ከኋላው ተቀምጦ መመልከት፣ ራሱ መነቅነቅ የጀመረበትን፣ እጁ ወደ ስልኩ የሄደበትን፣ ወሬ የጀመረበትን ደቂቃና ሰከንድ መመዝገብ ከረጅም አስተያየት የበለጠ ይጠቅማል። ሦስት ሰዎች በተለያየ ቀን፣ ሳይነጋገሩ፣ በሁለተኛው ደቂቃ ከአሥረኛው ሰከንድ ላይ ልባቸው ከሸሸ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ችግር እንዳለ መጠራጠር አይገባም።

ችግሩ ምን እንደሆነ ግን አድማጩ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። ለአብነት ያህል አድማጩ “መሐሉ ይረዝማል” ቢል አቀናባሪው መቀስ ሊያነሳ ይችላል። ትክክለኛው ምክንያት ግን ለአዝማቹ መቆየት የነበረበት ከበሮ አስቀድሞ በመግቢያው ላይ በመግባቱ መሐሉ የሚጨምረው አዲስ ነገር ማጣቱ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም “ድምፃዊቷ አትሰማም” የሚል አስተያየት ሲመጣ መፍትሔው ድምፅዋን ከፍ ማድረግ ላይሆን ይችላል። በእርሷ የድምፅ ክልል ውስጥ ገብቶ የሚጋፋትን ሲንተሳይዘር በዚያ ክልል ብቻ ዝቅ ማድረግ ዘፈኑን ሳያስጮኽ ይፈውሰዋል። አድማጩ ሕመምተኛ ነው ብንል የት እንዳመመው ይናገራል እንጂ መድኃኒት አያዝም።

አድማጮችን በአንድነት ሰብስቦ መጠየቅም ጉዳት አለው። በአሜሪካ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንካን ዋትስ እ.ኤ.አ በ2006 ባሳተሙት ጥናት 14 ሺህ 341 ተሳታፊዎች ከማይታወቁ ባንዶች የተወሰዱ 48 ዘፈኖችን እንዲሰሙ አድርገው ነበር። ከተሳታፊዎቹ ከፊሎቹ ሌሎች የትኛውን ዘፈን እንደወሰዱ ሳያዩ መረጡ፤ የቀሩት በስምንት የተለያዩ ቡድኖች ተከፍለው የየቡድናቸውን ምርጫ እያዩ መረጡ። የሌላውን ምርጫ ባዩት ቡድኖች ውስጥ ታዋቂ ዘፈኖች ይበልጥ ታዋቂ ሲሆኑ፣ የትኛው ዘፈን እንደሚያሸንፍ ግን ከቡድን ቡድን ይለያይ ነበር። እጅግ ጥሩው እምብዛም አልወደቀም፣ እጅግ ደካማውም እምብዛም አላሸነፈም፤ በመካከል ያለው ግን የትም ሊደርስ ይችላል። አብዛኛው ያላለቀ ሥራ የሚገኘው ደግሞ በዚሁ በመካከለኛው ሥፍራ ነው። በመሆኑም አምስት ሰዎችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ አስቀድሞ የተናገረው ሰው የሌሎቹን አፍ እንዲመራ ከመፍቀድ ለየብቻ ማሰማቱ ይመረጣል።

አምስቱንም በአንድ ሳምንት መጨረስ ደግሞ ብክነት ነው። አንድ ሰው አንድን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና አዲስ ጆሮ አላቂ ሀብት ነው። ሁለቱን በመጀመሪያው ረቂቅ፣ ሦስቱን ከተሻሻለው በኋላ መጠቀም ብልህነት ይሆናል። ሥራው የሚሰማበት ጊዜም ወሳኝ ነው። በጣም ቀድሞ ከሆነ አድማጩ የሚሰማው የጎደለውን ነው፤ በጣም ዘግይቶ ከሆነ አቀናባሪው ለመለወጥ ልብ አይኖረውም። ዜማው፣ ምቱና አደረጃጀቱ ከቆመ፣ የድምፅ ማመጣጠኑ ግን ካልተጠናቀቀ ጊዜው ደርሷል ማለት ይቻላል። ጊዜያዊ የሆነው ነገር፣ ለምሳሌ ለመምሪያ ብቻ የተቀዳ ድምፅ፣ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል።

በቴክኒክ በኩል በርካታ ሰዎችን የሚያሳስተው የድምፅ መጠን ነው። ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን እ.ኤ.አ በ1933 ይፋ ባደረጉት ምርምር የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራም ድምፆችን ከመካከለኞቹ ባነሰ ሁኔታ እንደሚሰማ አረጋግጠዋል። ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ያው ሙዚቃ የሞላና የበሰለ ይመስላል። አንድ አቀናባሪ ሁለት ቅንብሮችን አቅርቦ “የትኛው ይሻላል?” ቢል አድማጩ በጥቂቱም ቢሆን የሚጮኸውን ሊመርጥ ይችላል፤ ምርጫውም ስለቅንብሩ ምንም አይናገርም። ስለሆነም ከማነፃፀር በፊት የሁለቱን መጠን ማስተካከል ግድ ነው።

የሚሰማበት መሣሪያም እንዲሁ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፖፕ ጉልበት ያለው በቤዝና በከበሮው ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ሲሆን፣ የእጅ ስልክ ማጉያ ደግሞ ከ100 ኸርትዝ በታች ያለውን በአግባቡ አያሰማም። በስልክ የሰማ ወዳጅ “ቀጭን ነው” ሲል በታክሲ ውስጥ በትልቅ ማጉያ የሰማው “ጭንቅላት ይበጠብጣል” ሊል ይችላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች በቤዙ ላይ ከፍ ያሉ ተጓዳኝ ድምፆችን ይጨምራሉ፤ ጆሮም ከእነዚህ ተነሥቶ የጎደለውን ዝቅተኛ ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። አስተያየት ተቀባዩ ግን አድማጩ በምን እንደሰማ ሳይጠይቅ ምንም ማስተካከያ ባያደርግ ይመረጣል።

ያላለቀ ሥራን ለሌላ ሰው መስጠት የሚያስከትለው ሥጋትም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በዚህ ረገድ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነና የተቀረፀ ሥራ ያለ ምዝገባ ሥርዓት፣ የጥራት ደረጃውም ሳይታይ ጥበቃ እንደሚያገኝ ይደነግጋል። በዚህ መሠረት ረቂቁም የተቀረፀ እስከሆነ ድረስ የባለቤቱ ነው። ጥበቃው ግን ሐሳብን አይጨምርም፤ የድምፅ ዓይነትን ወይም የአሠራር ዘዴን ሰምቶ የራሱን ሥራ የሠራ ሰው በዚህ አዋጅ አይጠየቅም። ቀኑ የተመዘገበ ቅጂ ማስቀመጥና ሥራውን በላኩ ጊዜ ለማን እንደተላከ መዝግቦ መያዝ ለዚህ ነው የሚመከረው።

ወደ ቺካጎው ቴፕ ስንመለስ፣ ሙዚቃው እ.ኤ.አ በ1987 ትራክስ በተባለው አሳታሚ በሸክላ ሲወጣ ከጭፈራ ቤቱ የወሰደው ስሙን ነው። ጨፋሪው “የሮን ሃርዲ አሲድ” እያለ ይጠራው ስለነበር “አሲድ ትራክስ” ተብሎ ታተመ፤ ከዚህም “አሲድ ሃውስ” የተሰኘው የሙዚቃ ዓይነት መጠሪያውን አገኘ። ከመታተሙ በፊት የፍጥነቱ ምት በደቂቃ ወደ 120 ዝቅ እንዲል የተደረገውም በጨፋሪው ጥያቄ አልነበረም፤ የኒው ዮርክ አድማጭ ዘገም ያለውን ይመርጣል ያለው በሙዚቃው ኅትመት የተሳተፈው አቀናባሪ ማርሻል ጀፈርሰን ነበር። ያንን የሚያፏጭ፣ መጀመሪያ ወለሉን ያስለቀቀ ድምፅ ግን ማንም አልነካውም።