ስለ እናቶች ስውር ሕመም

በቅዳሴ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ዳር፥ ከሕዝቡ ርቃ፥ ከዛፍ ሥር ብቻዋን ቆማ የምታስቀድስ እናት በየደብሩ ትታያለች። አላፊ አግዳሚው ትሕትናዋን አይቶ ያመሰግናታል፤ ወይም የራስዋ ምክንያት አላት ብሎ ያልፋል። ነገር ግን ከእነዚህ እናቶች መካከል ርቃ የቆመችው ስለ ትሕትና ያልሆነ ትገኛለች። ስትሰግድ ሽንቷ ያመልጣታል፤ ስታስልና ስታስነጥስም እንዲሁ ነው። ሽታው ለጎረቤቴ ይደርስ ይሆናል በማለት ከዓመት ወደ ዓመት አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፤ በመጨረሻም ከዛፉ ሥር ትታጣለች። የት ጠፋሽ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር «አሞኝ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም።

ይህችን እናት በአኖ ትኖራለች ብለን እናስብ። አኖ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ባኮን አልፎ የሚገኝ፥ በምሥራቅ ወለጋ የጎቡ ሰዮ ወረዳ ከተማ ነው። አገሩ የበቆሎ አገር ነው። እናታችን ውሃ በጀሪካን ትቀዳለች፤ እንጨት በጀርባዋ ትሸከማለች፤ በመከርም ጊዜ ከባልዋ ጋራ እርሻ ትውላለች። ስድስት ልጆች ወልዳለች፤ አራተኛውን ስትወልድ ሁለት ቀን አምጣለች። ስም ያልሰጠናት ሆን ብለን ነው፤ በነቀምቴም፥ በጊምቢም፥ በደምቢ ዶሎም፥ በጎጃምና በሸዋም እንደ እርስዋ ያሉት ብዙ ናቸውና። አማትዋም እናትዋም ስለዚህ ነገር የሚነግሯት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ይኸውም «የወለደች ሴት ዕጣዋ ነው» የሚል ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንቃወመው ይህንኑ ቃል ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የሰውነትን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት ጀምሮ በኋላ እስከ ጭራንጎ ድረስ የተዘረጋ የጡንቻ ወለል አለ። የሽንት ፊኛ፥ ማሕፀንና ደንዳኔ የሚያርፉት በዚህ ወለል ላይ ነው። የአባቶቻችንን የጠፍር አልጋ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውላል። ጠፍሩ የተወጠረ እንደ ሆነ የተኛበትን ይሸከማል፤ የረገበ እንደ ሆነ ግን መካከሉ ጎድጉዶ የተኛው ሰው ወደ መሬት ይወርዳል። ልዩነቱ የቆዳ ጠፍር ራሱን አለመጠገኑ ነው፤ ጡንቻ ግን ሕይወት ያለው ነገር ስለ ሆነ ሥራ ቢሰጡት ይበረታል። የሽንትንና የዓይነ ምድርን በር የሚዘጋውም ይኸው ጡንቻ ነው።

ጠፍሩን የሚያረግበው ምንድን ነው? ከሁሉ የሚበልጠው ወሊድ፥ ይልቁንም የረዘመ ምጥ ነው። ከዚያ በኋላ ከባድ ሸክም፥ የማይለቅ ሳል፥ በሆድ ድርቀት ምክንያት ዘወትር ማማጥ፥ እንዲሁም እርጅና ይከተላሉ። አራስን በማረስ ረገድ አባቶቻችንና እናቶቻችን የተዉልን ልማድ እጅግ መልካም ነው። ለወንድ ልጅ 40፥ ለሴት ልጅ 80 ቀን እስከሚሞላና ሕፃኑ ክርስትና እስከሚነሣ ድረስ እናቲቱ አርፋ ብትቆይ፥ የተለጠጠው ጡንቻ ለመመለስ ጊዜ ያገኛል። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፥ ረዳት በሌለበት ቤት አራስዋ በሳምንቷ እንስራ ታነሣለች። ጠያቂ ሁሉ ገንፎ በልቶ ይመርቃል እንጂ፥ «እስከ ክርስትናው ድረስ ውሃውን እኔ ልቅዳ» የሚል ባል ወይም ጎረሞሳ ልጅ በየቤቱ አይገኝም። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ እንደሚመዝን እርሱም አያጣውም።

በአፈ ሕዝብ «ሽንት አላስቀምጥ አላት» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ሕመም ግን በውስጡ ልዩ ልዩ ነገር አለው። አንዲቱ ስታስል፥ ስትስቅ ወይም ሸክም ስታነሣ ብቻ ጥቂት ያመልጣታል፤ ይህ የጡንቻው መድከም ነው። ሌላዪቱ ከታች የሚከብድ ነገር፥ አልፎም ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር ይሰማታል፤ ይህ የማሕፀን መውረድ ነው። ሦስተኛዪቱ ቀንም ሌሊትም፥ ቆማም ተኝታም ሽንቷ ያለ ማቋረጥ ይፈሳል፤ ይህ ፊስቱላ ነው። በተዘጋ ምጥ የሕፃኑ ራስ ቀናት ሙሉ በአጥንት ላይ ሲጫን፥ በመካከል ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞትና ቀዳዳ ይሆናል። ፊስቱላን በጡንቻ ማሠራት ማዳን አይቻልም፤ የተቀደደ የሚሰፋው በሐኪም እጅ ነው። ሆኖም ከወሊድ በኋላ ወዲያው ተደርሶባት ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ፥ ቀጭን የጎማ ቱቦ ለሳምንታት በፊኛዋ ውስጥ ገብቶላት ሽንቱ በዚያ ሲወርድ ቀዳዳው በራሱ የሚገጥምበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መፍጠን ያስፈልጋል።

በዚህ ነገር ኢትዮጵያ ለዓለም ትምህርት የሰጠች አገር ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959፥ በእኛ በ1951 ዓ.ም.፥ ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም በሦስት ዓመት ውል ወደ አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። እርሳቸው የኒው ዚላንድ፥ ባለቤታቸው የአውስትራሊያ ተወላጆች ነበሩ። በአገራቸው በተዘጋ ምጥ የተያዘች ሴት በቀዶ ሕክምና ስለምትወልድ፥ ፊስቱላን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ ነበር። እዚህ ግን ሕመምተኞቹ ከየጠቅላይ ግዛቱ ቀናት በእግራቸው ተጉዘው በራቸው ላይ ይቀመጡ ጀመር። ሁለቱ ሐኪሞች ቀዶ ጥገናውን ከቀደሙት ሐኪሞች ጽሑፍ ተምረው አሻሻሉት፤ በ1974 በአውሮፓ አቆጣጠር የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ሕክምናው እስከ ዛሬ ድረስ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የታከሙትም ሴቶች ከ60,000 በላይ ሆነዋል። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 ዐረፉ። ዶክተር ካትሪን ከስድሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

በዚህ ሆስፒታል ታሪክ ውስጥ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በልጅነታቸው በፊስቱላ ታመው የመጡ፥ ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ ሴት ነበሩ። ከታከሙ በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀምረው፥ ሐኪሞቹን በመርዳት ቀዶ ጥገናውን እስከ መማር ደረሱ፤ በ1989 በአውሮፓ አቆጣጠር የለንደን ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለዶክተር ሬጂናልድና ለእርሳቸው የወርቅ ሜዳይ ሰጠ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የዚህ ሆስፒታል ሥራ በመርፌና በክር ብቻ አለመፈጸሙን ነው። ሽንቱ ይቆምልኛል ብላ በጨለማ ጎጆ እግሮቿን አጥፋ ለዓመታት የተኛች ሴት፥ ጉልበቷና ዳሌዋ ተኮማትሮ መቆም ይሳናታል። ሌላዪቱ ምጡ የእግሯን ነርቭ ስለ ጎዳው፥ ስትራመድ የእግሯ ጣት መሬት ይጎትታል። እነዚህን ቀዶ ሐኪሙ ከማግኘቱ በፊት የፊዚዮቴራፒ ባለሞያዋ ትቀበላቸዋለች። የተኮማተረውን ጅማት ከቀን ወደ ቀን ቀስ በቀስ ትዘረጋለች፤ እንደ ሕፃን ደግፋ ታቆማለች፤ በዘንግ ታስኬዳለች። ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይፈጃል። ከቀዶ ጥገናውም በኋላ ሥራው ይቀጥላል፤ ቀዳዳው በደንብ ተገጥሞ ሳለ በሚያስልበት ጊዜ ሽንት የሚያመልጣቸው አሉና። በዚህ ጊዜ የዳሌ ወለሉን ጡንቻ ማሠራት ይማራሉ። በምዕራብ አፍሪካ በቤኒንም እንዲህ ያለው ትምህርት ከቀዶ ጥገና ጋር ሲሰጥ ውጤቱን እንዳሻሻለ በ2014 ታትሟል። ጸሐፊው እንደሚመስለው፥ ለሐኪሙ የምንሰጠውን ምስጋና ግማሹን እንኳ ለእነዚህ ባለሞያዎች አልሰጠንም።

ጡንቻውን በማሠራት የማከሙ ዘዴ በዘመናዊ ሕክምና የታወቀው አርኖልድ ኬግል በተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ ጽሑፉን ያወጣው በ1948 በአውሮፓ አቆጣጠር ነበር። አሠራሩ ገንዘብም ዕቃም አይጠይቅም። እናቲቱ ጉልበቷን አጥፋ በጀርባዋ ትተኛለች። የሆድ ነፋስ እንዳያመልጣት እንደምትከለክል ሆና የታችኛውን ጡንቻ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትሰበስባለች። ቂጧንና ጭኗን አታጠብቅም፤ ትንፋሽዋንም አትይዝም። እስከ አምስት ቆጥራ ትለቃለች፤ ያንኑ ያህል ታርፋለች፤ እንደ ገና ትሰበስባለች። ሲለምድላት እስከ ዐሥር ትቆጥራለች። የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ በአንድ ጊዜ ቢያንስ 8፥ በቀን 3 ጊዜ፥ ይህንንም ቢያንስ ለ3 ወር እንድታደርግ ያዛል። በሳምንት ለውጥ አላየሁም ብላ የምትተወው ግማሽ መንገድ ተመለሰች ማለት ነው። ከተማረችው በኋላ ተቀምጣም፥ ቡና ስታፈላም፥ ቆማ ስታስቀድስም ማድረግ ትችላለች፤ የሚያውቅባት የለም። ከማሳልና ሸክም ከማንሣት አስቀድማ መሰብሰብንም ትልመድ። ሽንቷን እየሸናች ግን እንደ ልማድ አታድርገው፤ ፊኛን ያውካል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስጠንቅቅ። ብዙ ሴቶች ሰበሰብሁ ሲሉ ወደ ታች ይገፋሉ፤ ይህም የባሰ ያደርጋል። ስለዚህ ቢቻል የተማረ ሰው አንድ ጊዜ ቢያይላት ይሻላል። ደግሞም ጡንቻው ከመርገብ ይልቅ ከልክ በላይ ተወጥሮ የሚያማት ሴት አለች፤ እርስዋ የሚያስፈልጋት ማላላትን መማር እንጂ ማጥበቅ አይደለም። ውሃ ባልጠጣ ይሻለኛል የሚሉም ተሳስተዋል፤ ሽንቱ ወፍሮ ፊኛን ያቃጥላል፥ ድርቀትም ያመጣል። በነገራችን ላይ ይህ ጡንቻ ለወንዶችም አላቸው፤ ከፕሮስቴት ቀዶ ጥገና በኋላ ሽንት የሚያመልጣቸው አባቶችም ይኸው ትምህርት ይሰጣቸዋል።

ማሕፀን የወረደባት እንደ ሆነስ? በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በብሪታንያ፥ በኒው ዚላንድና በአውስትራሊያ 447 ሴቶችን ተመልክቶ፥ ጡንቻቸውን በባለሞያ መሪነት ያሠሩት ከዓመት በኋላ ሥቃያቸው ከሌሎቹ ይልቅ እንደ ቀለለላቸው አስረድቷል። ይህ መውረዱ ቀላል ለሆነው ነው። ወደ ውጭ ለወጣው ሐኪም ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ቀለበት ያስገባላታል፤ ወይም በቀዶ ጥገና ይመልሰዋል። በጨርቅ ጠቅጥቆ ወይም ታጥቆ መኖር ግን ቁስልና መመረዝ ያመጣል።

የኀፍረቱን ነገር ደግሞ ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። ወንጌል 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት ታሪክ ሲነግረን፥ በሕዝብ መካከል ተሰውራ በፍርሃት እንደ ቀረበችና በፊት ለፊት በልጅነት ስም እንደ ተጠራች እናስታውሳለን። ሽንት ስለሚያመልጠኝ ቤተ ክርስቲያን መግባት አይገባኝም ብላ በራስዋ የፈረደች እናት አስቀድማ የንስሐ አባትዋን ትጠይቅ። የንስሐ አባቶችም ይህን በሰሙ ጊዜ ጸሎት አድርሰው ወደ ሐኪም ቢልኳት ያለ ጥርጥር መልካም ነው፤ ባልዋ የማያውቀውን እነርሱ ያውቃሉና።

የአኖዋ እናታችን የመጀመሪያ መንገድዋ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። በዚያ ለአዋላጅዋ የሚያፈስሳት ስታስል ብቻ ወይም ሁልጊዜ መሆኑን፥ ከታች የሚወርድ ነገር መኖር አለመኖሩን ለይታ ትንገር። በኦሮምኛ «ገደሜሳ» ስትል አዋላጅዋ ስለ ማሕፀን እንደምትናገር ወዲያው ታውቃለች፤ በአማርኛ ልናገር ብላ አትጨነቅ። ከዚያ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታሎች ትላካለች። ፊስቱላ ከሆነ ግን አዲስ አበባ ብቻ መሄድ የለባትም፤ የሐምሊን ድርጅት በባሕር ዳር፥ በመቀሌ፥ በይርጋለምና በሐረር ማእከሎች ከከፈተ በኋላ በ2010 በአውሮፓ አቆጣጠር በመቱ ሌላ ከፍቷል፤ ከነቀምቴ በበደሌ በኩል ይኬድበታል። ባለፉት ዓመታት ወለጋ ባየችው ሁከት መንገድ በተዘጋ ጊዜ ግን ምጥ መንገዱ እስኪከፈት አልጠበቀም።

ፊስቱላዋ ተሰፍቶላት የዳነች ሴት ደግሞ ስታረግዝ ለአዋላጅዋ አስቀድማ መንገር አለባት። የተሰፋው እንዳይቀደድ ቀጣዩን ልጅ በቀዶ ሕክምና ትወልዳለች፤ ስለዚህ ወሩ ሳይገባ፥ ምጡ ሳይጀምር፥ በሆስፒታሉ አጠገብ ባለው የእናቶች ማቆያ ገብታ ትቀመጥ። ስንቋን የሚያቀብላት፥ በቤትም የቀሩትን ልጆች የሚጠብቅላት ሰው ከወዲሁ ይመደብ።